ኩላሊቴ ደህና ነበር

ይህን የምጽፈው ወገቧን በእጇ ደግፋ «ኩላሊቴን» ለምትል ሴት ነው። ምናልባት እውነትሽን ይሆናል፣ አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ ልጅ ነኝ። የእኔ ግን ኩላሊት አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ጤነኛ ኩላሊቴን ሲያክሙልኝ ግራ እግሬ ከሥሬ ሊሄድብኝ ነበር።

ኮሮና የገባ ዓመት ነው። ቦንጋ ላይ፣ ቢሮዎቹ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ እሠራ ነበር። ባለቤቷ እትዬ አልማዝ ይባላሉ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። የፈተና ሰሞን የአስተማሪዎችን ጥያቄ ሳባዛ ምሳ የምበላው ቆሜ ነው። ሥራዬን እወደው ነበር። አንድ ቦታ ተጎልቶ መዋል አይሆንልኝም፣ እዚያ ደግሞ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይጨቃጨቃል። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ቢሮውም ሠራተኛውን በፈረቃ ሲያደርግ የሚባዛ ወረቀት ጠፋ። እትዬ አልማዝ ሁለት ሳምንት ሞከሩና «ዝናሽዬ፣ እስኪያልፍ ቤትሽ ዕረፊ» አሉኝ።

ዕረፊ!

ቤታችን እማዬ አለች፣ ደም ብዛትና ስኳር ያለባት። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ታላቅ ወንድሜ ክፍሌ ሺሺንዳ ከተማ አስተማሪ ነው። ትምህርቱ ሲቆም ወደ ቤት መጣ፣ ደሞዙም ተከትሎት መጣ። ታናሼ ታምራት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ተበትኖ መጣ። ሦስታችንም ቤት ዋልን ይባላል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቤት የዋሉት ሁለቱ ናቸው። እኔ ሥራ ነው የቀየርኩት።

የሰፈራችን ቧንቧ ድሮም በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው፣ ያን ሰሞን ግን ጭራሹን ጠፋ። ምንጩ ያለው ከቁልቁለቱ ሥር ነው። ቦንጋን የሚያውቅ ቁልቁለት ስል ይገባዋል። ባዶ ጀሪካን ይዘሽ እየሮጥሽ ትወርጃለሽ፣ ሃያ ሊትር አዝለሽ፣ ገመዱ ደረትሽን እየቆረጠሽ፣ በጭቃው እየተንሸራተትሽ ትወጫለሽ። ከዚያ በፊት በቀን ሁለት ጀሪካን ይበቃን ነበር። አሁን ግን ከውጭ የገባ ሁሉ ይታጠባል፣ የገባው ዕቃ ይታጠባል፣ የበሩ እጀታ ይታጠባል፣ እማዬ ሳንቲም ሳይቀር በሳሙና ታጥባለች።

በዚህ ላይ ክፍሌ የቀበሌው የኮሮና ግብረ ኃይል አባል ሆነ። ጠዋት ጠዋት ማስክ አድርጎ ሰፈሩን እየዞረ ያስተምራል። አንድ ቀን ቧንቧ የተገጠመለት ሰማያዊ በርሜል አስመጣና በራችን ላይ አቆመው። «ሳይታጠቡ አይለፉ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈበት። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ይታጠባል፣ ይመርቀዋል። ሰፈሩ «የክፍሌ በርሜል» ይለው ጀመር። የሚሞላው ማን እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በቀን ሰባት ጀሪካን፣ አንዳንዴም ስምንት፣ በእኔ ጀርባ ነበር የሚወጣው።

ካፋ ውስጥ ዝናብ ጠፍቶ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። አልጠፋም። ክረምት ሲገባ የጣሪያውን ውሃ በባልዲ አጠራቅሜ በርሜሉ ውስጥ ልገለብጥ ስል ክፍሌ እየሮጠ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ይሄ እኮ የዛገ ቆርቆሮ ውሃ ነው! እጅ መታጠቢያ ንጹሕ መሆን አለበት።»

«እንግዲያው ንጹሑን አንተ ቅዳው።»

«ዝናሽ፣ አፍሽን ሰብስቢ። ሰው ይሰማል።»

ወደ እማዬ ዞርኩ። «ታምራት ለምን አይወርድም? ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ስልክ ነው የሚነካካው።»

«ምንጩ ላይ ሰው ይበዛል፣ ልጄ። በሽታው ይይዘዋል።»

«እኔንስ አይይዘኝም?»

«አንቺማ ለምደሽዋል» አለችኝ።

ይህን ስትል አልቀለደችም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያቃጥለኛልም።

ሰኔ ላይ ነው፣ ምንጩ ጋ ጎንበስ ብዬ ጀሪካኑን ወደ ጀርባዬ ሳወጣ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ። ትንሽ ቆሜ ተነፈስኩና ይዤው ወጣሁ። በማግሥቱ ሕመሙ ከቂጤ ተነሥቶ በጭኔ ጀርባ እስከ ባቴ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኝ ጀመር። ሳስል ይነዝረኛል፣ ሳስነጥስ ይነዝረኛል። እማዬ «ብርድ ነው» ብላ በቅቤ አሸችኝ፣ ፌጦ በጥብጣ አጠጣችኝ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ደግሞ በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ ኩላሊት ነው። እኛ አገር ከወገብ በላይ የሚያም ነገር ጨጓራ ነው፣ ከወገብ በታች የሚያም ኩላሊት ነው፤ ሌላ አካል አልተፈጠረልንም።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። መቀመጫው ላይ አንድ እየዘለሉ የኤክስ ምልክት ለጥፈዋል፣ በሽተኛው ግን ኤክሱም ላይ ተቀምጧል። አንዱ ሲያስል ሁላችንም ዞረን ዓይናችንን እንተክልበታለን፣ ምስኪን ማስኩን እስከ ቅንድቡ ይስበዋል። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሙ «ሥራሽ ምንድነው?» አለኝ።

«ሥራ አቁሜያለሁ። ቤት ነኝ።»

«ጥሩ፣ ዕረፍት ላይ ነሽ ማለት ነው» ብሎ ጻፈ።

ልብ በሉ፣ ይህን ያልኩት ራሴ ነኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት አራት ጊዜ ቁልቁለቱን ወጥቼ ወርጄ ነበር የሄድኩት። ግን ማን ሥራ ብሎት ያውቃል? ለእኔም ሥራ ማለት የእትዬ አልማዝ ሱቅ ብቻ ነበር። ያቺ አንዲት መልስ ሦስት ወር አስከፍላኛለች።

ሽንቴን መረመሩና «ትንሽ ኢንፌክሽን ይታያል፣ ኩላሊት ነው» ተባልኩ። የሳምንት ኪኒን ታዘዘልኝ። «ዋናው መድኃኒት ግን ውሃ ነው። በቀን ሦስት ሊትር ጠጪ፣ እንዳትሰስቺ» አለኝ። አልሰሰትኩም። ኩላሊቴን ለማዳን የምጠጣውን ውሃ ጭምር አዝዬ ወጣሁ።

ኪኒኑ አለቀ፣ ሕመሙ ባሰ። ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ ደም ሰጠሁ፣ «ታይፎይድም አለብሽ» ተባልኩ። ሌላ ኪኒን። ቀጥሎ እማዬ ከገጠር አንድ ወጌሻ አስመጣች። ሰውዬው ቅን ሰው ናቸው፣ አልወቅሳቸውም። በሆዴ አስተኝተው በተረከዛቸው ወገቤን ተጫኑት። ጩኸቴ ቁልቁለቱ ሥር ሳይሰማ አልቀረም። «በቃ፣ ገባ!» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ምን እንደገባ እግዜር ይወቅ። በማግሥቱ የውስጥ ሱሪዬን እንኳ ቆሜ መልበስ አቃተኝ። የተሰበረን አጥንት ሲጠግኑ የዳነ ሰው አለ፣ እሰማለሁ። ሕመሙ እግርሽ ድረስ የሚወርድ ከሆነ ግን ማንም ወገብሽ ላይ እንዳይቆም።

በዚህ ሁሉ መሐል ውሃው ቀጥሏል። «ትንሽ ታገሺ፣ ያልፋል» እባላለሁ። እታገሣለሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ጀሪካን አዝዬ ዳገቱን እየወጣሁ ነው። ከኋላዬ ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ጮኹብኝ፦ «አንቺ ልጅ! ጫማሽን ጥለሽ የት ነው የምትሄጂው?» ዘወር ስል የግራ እግሬ ላስቲክ ጫማ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዬ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል። ባዶ እግሬን በጭቃ ሄጃለሁ፣ አልተሰማኝም። ጀሪካኑን አውርጄ እዚያው ቁጭ አልኩና ጣቶቼን ወደ ላይ ላነሣ ሞከርኩ። ቀኙ ታዘዘ። ግራው ዝም አለ። የሌላ ሰው እግር አምጥተው የቀጠሉብኝ መሰለኝ።

እትዬ ወርቄ ጫማዬን ከጭቃው ነቅለው አጠገቤ ተቀመጡ። ባቴን ቆነጠጡኝ።

«ያምሻል?»

«እንደ ሩቅ ነገር ነው የሚሰማኝ።»

«ምን ነበር ያሉሽ?»

«ኩላሊት።»

«የምን ኩላሊት! ኩላሊት ጫማ ያስወልቃል?» አሉ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፣ ግን ከሁሉም ቀድመው በሽታዬን ያወቁት እሳቸው ናቸው። የራሳቸውን ጀሪካን አዝለው፣ የእኔን ግማሹን ደፍተው በእጃቸው አንጠልጥለው፣ እስከ በራችን አደረሱኝ።

ሆስፒታል ስሄድ እግሬን አይተው ወደ ጅማ ላኩኝ። ክፍሌ የግብረ ኃይል ስብሰባ ነበረበት። ታምራት እማዬን ይጠብቃል ተባለ። ይዘውኝ የሄዱት እትዬ አልማዝ ናቸው፣ ሱቃቸውን ዘግተው። መኪናው በግማሽ ሰው በእጥፍ ሒሳብ ነበር የሚጭነው። «ይኸው፣ በኮሮና ምክንያት እንደ ባለሥልጣን ሰፊ ወንበር ላይ ሄድሽ» እያሉ ሊያስቁኝ ይሞክራሉ። ጅማ አልቤርጎ ስናድር እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብርድ ልብሱ ሥር አውራ ጣቴን «ተነሺ» እላታለሁ። አትነሣም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እግሬን እየጎተትኩ ስኖር ታየኝ፤ ሱቁ፣ መንገዱ፣ ሠርግ ቤት፣ ሁሉም ታየኝ።

የጅማው ሐኪም ወጣት ነው። ዓይኔን አስጨፍኖ «የቱን ጣት ነው የነካሁት?» እያለ ፈተነኝ፣ ግማሹን ወደቅሁ። የወገቤ ፎቶ ከታየ በኋላ አስረዳኝ። በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ የለሰለሰ ነገር አለ። የእኔ አንዱ ከቦታው ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። እግሬ የማይነሣው ለዚህ ነው።

«ኩላሊቴስ?»

«ኩላሊትሽ ከእኔ ይሻላል» አለኝ። «ሥራሽ ምንድነው?»

«የለኝም።»

እስክሪብቶውን አነሣና ተወው። «እሺ፣ ሥራውን እንተወው። ወደዚህ ከመምጣትሽ በፊት የነበረውን ቀን፣ ከአልጋ ከተነሣሽበት ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ነገርኩት። መጀመሪያ የቤቱን ሰው፣ ከዚያ ጀሪካን በጀሪካን። ስድስተኛው ላይ እጁን አነሣ።

«ቆይ፣ ቆይ። አራት ሰው ይህን ሁሉ ውሃ ምን ያደርገዋል?»

«በርሜል አለ። መንገደኛ የሚታጠብበት።»

«በርሜሉ የማን ነው?»

«የወንድሜ።»

«ወንድምሽ እጅ የለውም?»

«አለው» አልኩት። «ንጹሕ ነው።»

እትዬ አልማዝ ማስካቸው ውስጥ በሳቅ ፈነዱ። ሐኪሙም ሳቀ፣ ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ስሚኝ። አሁን ቢላ አላነሣም፣ በዕረፍትና በእንቅስቃሴ ልንሞክረው እንችላለን። ግን አንድም ከባድ ነገር አታነሺም። አንድ ጀሪካን ብቻ የሚባል ነገር የለም። ነርቩ እንዲህ ተጭኖ ከቆየ እግርሽ ላይመለስ ይችላል። ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም በጭኖችሽ መሐል ከደነዘዘሽ፣ በዚያው ቀን ነይ። ቀጠሮ አትጠብቂ።» ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ማኅተም አስደረገበት።

ቤት ስደርስ ክፍሌ ወረቀቱን እንደ ደብዳቤ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲህ በአምስት ሊትሩ ጀሪካን እየተመላለሰች ታመጣለች።» እማዬ አለቀሰች፣ እግሬን ይዛ ሳመችው። በርሜሉ ግን በሁለተኛው ቀን ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኔን ስከፍት እማዬ ገመዱን በትከሻዋ አድርጋ በር ላይ ቆማለች። ደም ብዛት ያለባት የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት! ሁለቱ ወንዶች ቁርስ እየበሉ ነው።

ያን ጠዋት ልሸነፍ ነበር፣ አልዋሽም። ከበሽታውም ከድህነቱም ይልቅ እኛን ሴቶች የሚጥለን ይሄ ነው። አልሸከምም ስትዪ ቀንበሩ ወንዱ ላይ አይሄድም፤ እናትሽ ላይ ይሄዳል። ገመዱን ከእጇ ቀምቼ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግራ ጫማዬ ወለቀ። አሁንም አልተሰማኝም፣ ያወቅሁት ሳየው ነው። ባዶው በርሜል ሥር ተቀምጬ ጫማዬን ሳጠልቅ ቀና አልኩ። «ሳይታጠቡ አይለፉ» ይላል በቀይ።

ተመልሼ ገባሁና ካርቶን ቀደድኩ። ማስታወቂያ መጻፍ እንደሆነ ሙያዬ ነው። በትልልቁ፣ ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ፊደል ጻፍኩና በርሜሉ ላይ አሠርኩት፦

«ውሃ የለም። ትቀዳ የነበረችው ልጅ ታማለች። ቤት ውስጥ ሁለት ጤነኛ ወንዶች አሉ። አንኳኩ።»

አንኳኩ። መጀመሪያ ያንኳኩት የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ አድማሱ ናቸው። ክፍሌ ሲከፍት ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጤነኞቹን ፈልጌ ነበር» አሉት። ከዚያ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አንኳኩ፤ እነሱ እየሳቁ። ከዚያ ራሱ ከግብረ ኃይሉ የሆነ ሰው። ክፍሌ ካርቶኑን ገንጥሎ ፊቴ ላይ ወረወረው።

«አዋረድሽኝ! በሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

«ከጻፍኩት ውሸቱ የቱ ነው?»

«የቤት ነገር በር ላይ ይለጠፋል?»

«በርሜሉ እኮ በር ላይ ነው ያለው። ምርቃቱን በር ላይ ስትቀበል አላፈርክም። እግሬ አልታዘዝም ብሎኛል፣ ክፍሌ፤ እየው! አንተ ስብሰባ ላይ ሆነህ ጅማ ድረስ የወሰዱኝ ባዕድ ሴት ናቸው። ከነገ ጀምሮ አንድ ጠብታ አላመጣም። እማዬም ገመዱን ከነካች ካርቶኑን እደግመዋለሁ፣ በዚህ ጊዜ ስማችሁን ጽፌ።»

እጁን አነሣ። አላሳረፈውም። እማዬ መሐላችን ገብታ ነበር፣ ገመዱን ግን መልሳ አልያዘችውም።

በማግሥቱ ታምራት ጀሪካን አንሥቶ ወረደ። ምንጩ ጋ ሴቶቹ ጠበቁት። «ና እስኪ የኔ ጀግና፣ ገመዱን ልሠርልህ? እንዴት እንደሚታዘል አስተምረውህ አላመጡህም?» እንዳሉት እትዬ ወርቄ እየሳቁ ነገሩኝ። በጀርባው ማዘል አሳፍሮት በእጁ አንጠልጥሎ እየቀያየረ ወጣ፣ ግማሹን ሱሪው ላይ ደፋው። በሳምንቱ ግን አዘለው። አሁን ለሱ ያለኝ ፍቅር ከዚያች ሳምንት ይጀምራል።

ክፍሌስ? በርሜሉን አስነሣው። «ዓላማውን አሳክቷል» አለ። በሽታው አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ቀጂ ነው። እንዲህ ሆኖ ሰባቱ ጀሪካን በአንድ ቀን ሦስት ሆነ። ኅዳር ላይ ትምህርት ተከፍቶ ወደ ሺሺንዳ እስኪመለስ ድረስ አንድም ቀን ወደ ምንጩ አልወረደም። ይህን እንዲያነበው እፈልጋለሁ። አሁን ሰላም ነን፣ ቢሆንም ያንብበው።

መዳን ቶሎ አልመጣም። ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፌ የተሰጠኝን እንቅስቃሴ በቀን ሦስት ጊዜ እሠራለሁ። እንደ ሕፃን በሆዴ ተኝቼ በክርኔ ቀና እላለሁ፤ ትንሽ ትንሽ እራመዳለሁ። አንዳንድ ሳምንት ምንም ለውጥ የለም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት እግሬን በሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ሳለ አውራ ጣቴ ከውሃው ብቅ አለች። መልሳ ገባች። «ተነሺ» አልኳት፣ ተነሣች። ጩኸቴን ሰምተው እማዬና ታምራት ወድቄ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ሦስታችንም ሳፋውን ከበን አንዲት ጣት ስናይ ቆየን።

ዛሬ እሄዳለሁ፣ እሮጣለሁም። የግራ እግሬ ትንሿ ጣት እስካሁን ደንዝዛለች፣ ብርድ ሲሆን ወገቤ ያስታውሰኛል። ወደ እትዬ አልማዝ ሱቅ ተመልሻለሁ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበሬ ካልተነሣሁ እሳቸው ይቆጡኛል። አንቺ የምታነቢው፣ ሕመሙ ከወገብሽ ወደ እግርሽ ከወረደ፣ ጣትሽ ካልታዘዘሽ፣ ጫማሽ ሳታውቂው ከወለቀ፣ ውሃ እየጠጣሽ አትቀመጪ። ሐኪም «ሥራሽ ምንድነው?» ሲልሽ ደግሞ «ቤት ነኝ» አትበዪ። ያነሣሽውን፣ ያዘልሽውን፣ የፈጨሽውን፣ ያጠብሽውን አንድ በአንድ ቁጠሪለት። አልሰማ ካለሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

ባለፈው ጥር ሽማግሌ መጣብን። ልጁ ከዋጫ አካባቢ ነው፣ ሱቃችን ማመልከቻ ሊያስጽፍ እየመጣ ነው የተዋወቅነው። አልጠላውም፤ እንዲያውም ሲመጣ ወረቀት ይበላሽብኛል። እማዬ ከጠዋት ጀምራ «የወገብሽን ነገር እንዳታነሺ፣ አደራ» ስትለኝ ነበር። ወግ ነውና ጓዳ ተቀመጥኩ። ለስላሳ ይዤ ስገባ አንደኛው ሽማግሌ የቤተሰቡን ሀብት እየዘረዘሩ ነው።

«ቡናው አለ፣ ማሩ አለ፣ እንሰቱም ሙሉ ነው። ውሃውም ሩቅ አይደለም፣ ከጓሮ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው።»

«ምን ያህል ወረድ ብሎ?» አልኩ።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌው ፈገግ ብለው አዩኝ። «ለጠንካራ ሴት ምንም አይደል፣ ልጄ።»

«አባቴ፣ ወገቤን ታምሜ እግሬን ላጣ ነበር። ውሃ አልሸከምም። ዛሬም፣ ካገባሁም በኋላ፣ ከወለድኩም በኋላ። ልጁ የሚሸከም ከሆነ ጠይቁልኝ።»

ለስላሳው ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ቀረ። «ተነጋግረን እንመለሳለን» ብለው ተነሡ። እስካሁን አልተመለሱም። ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያን ቀን በሩ እንደተዘጋ እማዬ ያልተነኩትን ጠርሙሶች እያየች «እሺ፣ ለስላሳቸውን እስኪጨርሱ እንኳ ብትታገሺ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«ታግሼማ አይቼዋለሁ፣ እማዬ» አልኳት።